ይድረስ ለልጄ፦ የባለቤቶቹን ስም አትሰርዢ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሑድ በስልክ ያነሳሽልኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ስላለ በጽሑፍ ልመልስልሽ ብዬ ነው።

የቡድን መሪሽ ጂፒኤል በሚባለው፣ ሌሎች በቅድመ ሁኔታ በነጻ እንዲጠቀሙበት በሚፈቅደው የሶፍትዌር ፈቃድ የወጣ ኮድ ወስደሽ፣ ከአናቱ ያለውን የባለቤቶቹን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ እንድትሰርዢ አዞሻል። «ነጻ አይደል እንዴ? ማን ይጠይቀናል?» ብሎሻል። ይኸው ድርጅት ደንበኞቹን በሚያስፈርመው ውል ላይ ግን ሶፍትዌሩን ያለ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስጠይቃል ይላል። «አባዬ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው የሚሉት እውነት ነው?» አልሽኝ። ሁሉም አያደርገውም። ያደረጋችሁት ይህንን ነው የተባሉ ግን አሉ፤ ያውም ስለ ቅጂ መብት ከማንም በላይ የሚጮኹት።

በፈረንጆቹ 2007 የአሜሪካ ትልልቅ ፊልም ሠሪዎች ማኅበር፣ ያኔ ኤምፒኤኤ ይባል የነበረው፣ ተማሪዎች ፊልም በነጻ እየተቀባበሉ ነው ብሎ ለዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሶፍትዌር አዘጋጀ። በግቢው ኔትወርክ ላይ ፋይል የሚቀባበለውን የሚከታተል ነው። ሶፍትዌሩ ሲታይ መሠረቱ ዙቡንቱ ሊኑክስ የሚባለው፣ ከኡቡንቱ የተወለደ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ሆኖ ተገኘ፤ በላዩም ስኖርትና ኤንቶፕ የሚባሉ የኔትወርክ መከታተያ ፕሮግራሞች አሉ። ሁሉም ሌሎች ሰዎች ደክመው ጽፈው ለሕዝብ የለቀቋቸው ሥራዎች ናቸው።

በነዚህ መጠቀሙ ነውር የለውም። ጂፒኤል ውሰድ፣ ቀይር፣ ብትፈልግ ሽጠው ይላል። ለሌላ ሰው ስታስተላልፈው ግን ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራመሩ የጻፈውን ዋናውን ጽሑፍ፣ አብረህ ስጥ፤ ካልሆነም ለሚጠይቅ ሁሉ እሰጣለሁ የሚል፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል አያይዝ ይላል። ማኅበሩ የተወቀሰው ይህንን ሳያሟላ ነው ያከፋፈለው ተብሎ ነው። ከኡቡንቱ ገንቢዎች አንዱ የሆነው ማቲው ጋሬት ማኅበሩን ለማግኘት ሞክሮ መልስ ሲያጣ፣ ለማኅበሩ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ጻፈ፤ ሶፍትዌሩም ከገጹ ወረደ። ልብ በይ፣ ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ያለ ፈቃድ የተለጠፈ ፊልም ለማስወረድ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ለኮድ ጸሐፊውም እኩል ሠራለት።

የሙዚቃ አሳታሚው የሶኒ ቢኤምጂ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በፈረንጆቹ 2005 ኩባንያው ኤክስሲፒ የተባለ የቅጂ መከላከያ በሙዚቃ ሲዲዎቹ ላይ አደረገ፤ የሠራለት አንድ የእንግሊዝ ድርጅት ነው። ሲዲው ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ሲገባ ፕሮግራሙ ተጭኖ ራሱን ይደብቃል። «ሲስ» የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት በሁለት የዶላር ምልክቶች መካከል ገብተው ስሙ በዚህ የሚጀምር ማንኛውም ፋይል ከባለቤቱ ዓይን ይሰወራል። ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ይህንን አጋለጠ። ሌሎች ፕሮግራመሮች ኤክስሲፒን ሲመረምሩ ደግሞ ሌም ከተባለው የኤምፒ3 ፕሮግራምና ቪኤልሲ ከተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ የተወሰደ ኮድ አገኘን አሉ። ከቪኤልሲ መጣ የተባለውን ኮድ ከጻፉት አንዱ ኖርዌያዊው ዮን ሌክ ዮሃንሰን ነው። ይህ ልጅ የዲቪዲን ቁልፍ ፈትተሃል ተብሎ በፊልም ኢንዱስትሪው አቤቱታ ፍርድ ቤት የቆመ፣ በፈረንጆቹ 2003 በነጻ የተሰናበተ ነው። አንዱ ኢንዱስትሪ ሲያሳድደው የነበረን ሰው ሥራ፣ ሌላው ለቅጂ መከላከያ አዋለው ማለት ነው፤ ያውም ስሙን ሳይጠራ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ መደበቁ ብቻ አይደለም፤ ለጻፈው ሰው ክብር መንፈጋቸው ነው።

አለቃሽ ያልገባው ነገር ይኼ ነው። ጂፒኤል የቆመው በቅጂ መብት ሕግ ላይ ነው። ጸሐፊው መብቱን አልተወም፤ በቅድመ ሁኔታ ነው የፈቀደው። ቅድመ ሁኔታው ሲጣስ ፈቃዱ ይቀራል፤ ያኔ ድርጅትሽ ሶፍትዌሩን ያለ ፈቃድ ከሚያባዛበት ደንበኛ በምን ይለያል? የአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ስሙን አትሰርዢ። ለቡድን መሪሽ በጨዋ ቋንቋ በጽሑፍ ንገሪው፤ መፍትሔውንም አብረሽ አቅርቢ። ሶርስ ኮዱን ለደንበኞች መስጠት ከቻሉ የፈቃዱ ፋይል በቦታው ይቀመጥ። ካልፈለጉ ያንን የወሰዳችሁትን ኮድ አውጥታችሁ ኤምአይቲ የሚባል ቀለል ያለ ፈቃድ ያለው ፈልጉ፤ እሱም ቢሆን ስምና ፈቃዱ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ወይም ጸሐፊውን አግኝታችሁ ሌላ ፈቃድ በክፍያ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ መልካም ሰዎች ናቸው፣ ይመልሳሉ። ይህ ሁሉ ቀርቶ በሥራሽ ቢመጡብሽ ቤትሽ ቤትሽ ነው፤ በዚህ በኩል አታስቢ።

ኢሜይሉን ከመላክሽ በፊት ለእኔ ላኪልኝ፤ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን። እናትሽ ሳትበዪ አትዋዪ ብላለች።

አባትሽ