ደብዳቤ ለልጄ፦ ከአራት ኪሎ፣ ግንቦት 21

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አሁንም ያማታል፤ ሐኪም ቤት ሂጂ ስላት ነገ ትለኛለች። የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል?

ማክሰኞ በስልክ የላክሽልኝን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በዚያው በስልክ መመለስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አውራ ጣቴ ለዚያች ትንሽ መስታወት አልተፈጠረም፣ ነገሩም በአውራ ጣት የሚጻፍ ሆኖ አላገኘሁትም።

በትክክል ተረድቼሽ እንደሆነ ልድገመው። የመኝታ ክፍል ጓደኛሽ በስልኳ የዘይቱንን ፎቶግራፍ አሳየችሽ፤ ካይሮ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ታየ የተባለውን ብርሃን። «እመቤታችን ናት» አለችሽ። አንቺም ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11ን ጠቅሰሽ «ሰይጣንም የብርሃን መልአክ መስሎ ይታያል» አልሻት። ልጅቱ አለቀሰች። አንቺ ደግሞ «እውነቱ ስለከበዳት ነው፤ አባዬ፣ ልክ አይደለሁም?» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

ጥቅሱ ልክ ነው። ሌላውን ቀስ ብለን እንየው።

ይህን የምጽፍልሽ ደግሞ በማርያም በዓል ዕለት ሆነና ነው። ከሌሊት ጀምሮ የበዓታ ድምፅ ማጉያ እንቅልፍ አልሰጠንም። ዘንድሮ ዕርገትም በዚሁ ቀን ስለዋለ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። የታችኛዋ ጎረቤታችን እንደ ልማዷ ድፎ ዳቦ ይዛልን መጣች፤ ለእኛ ለጴንጤዎቹ ጠላው ቀርቶ ለስላሳ ጨምራበታለች። እኔ በላሁ። እናትሽ ገላመጠችኝ። አንቺ የተወለድሽ ዕለት ይህችው ሴት ገንፎ ይዛ ገብታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትላት እናትሽ «አሜን» ብላ እንደተቀበለች ግን ዛሬም አልረሳሁም።

ግንቦት 21 በየወሩ ከምትመጣው ሃያ አንድ ትለያለች፤ ደብረ ምጥማቅ ይሏታል። እንደ ትውፊታቸው እመቤታችን በግብፅ ደብረ ምጥማቅ በሚባል ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ለአምስት ቀን በብርሃን ትገለጥ ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ያያት ነበር ይላሉ። ያ ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን በ15ኛው መቶ ዘመን የሰማው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በተጉለት ሌላ ደብረ ምጥማቅ አሠራ። እንግዲህ ጓደኛሽ ያሳየችሽ ፎቶግራፍ ለእርሷ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። አንቺ «ሰይጣን» ስትያት የእናቷ ድፎ ዳቦና የአያቷ ጽዋ አብሮ ተሰደበባት።

ዘይቱን ላይ ሆነ የሚባለውንም ሳትሰሚ የፈረድሽ ይመስለኛል። መጋቢት 24 ቀን 1960 ምሽት፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት በሚገኝ የአውቶቡስ ጋራዥ የሚሠሩ ሰዎች ጉልላቱ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት አየን አሉ። ከጣራ ልትወረወር የወጣች መስሏቸው ጮኹባት። ከመካከላቸው ሙስሊም ነበረበት። ግብፅ በስድስቱ ቀን ጦርነት ከተሸነፈች ገና ዓመት አልሞላትም፤ አገሩ ሐዘን ላይ ነበር። ብርሃኑ እየታየ እየጠፋ ዓመታት ቆየ፣ ሌሊት ሌሊት ሕዝቡ አደባባዩን ሞላው፤ የግብፅ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ቄርሎስ ስድስተኛም መርማሪዎች ልከው መገለጡን ተቀበሉ። እኚህ ቄርሎስ በ1951 አቡነ ባስልዮስን የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አድርገው የሾሙት ናቸው። የእኛም መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው በዚያው ዓመት በጥር ወር ነው። እኔም የተወለድኩት በዚያው ዓመት ነው፤ ይኸኛው እንኳ ታሪክ ውስጥ አይገባም።

እኛ የወንጌል አማኞች በዚህ ነገር አንድ ቃል የለንም። እንደ አንቺ «የአጋንንት ሥራ ነው» የሚል አለ። «የተጨነቀ ሕዝብ የናፈቀውን ያያል» የሚል አለ። «እዚያ አልነበርኩም፣ አላውቅም» የሚልም አለ፤ እኔ ከዚህኛው ወገን ነኝ። አርባ ዓመት በግንበኝነት ስኖር ያላየሁትን ግድግዳ ጠማማ ነው ብዬ አላውቅም። ሦስታችንም የምንገናኝበት ቦታ ግን አለ፦ ያ ብርሃን ከሰማይ ቢሆን እንኳ እምነታችን በእርሱ ላይ አይቆምም።

ቱምቢዬን ታስታውሻለሽ? ልጅ ሳለሽ ገመዱን ይዘሽ እያወዛወዝሽ ታስቸግሪኝ ነበር። ቱምቢ ድንጋይ አይሸከምም፣ ሲሚንቶ አያቦካም፤ ሥራው ቀጥ ብሎ መንጠልጠል ብቻ ነው። ግድግዳው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢሳሳለት፣ ከገመዱ ከራቀ አዘንብሏል። መጽሐፍ ቅዱስ ለእኛ እንደዚያ ነው። ኦርቶዶክሶች መጽሐፉን ከአባቶች ትውፊት ጋር አጣምረው ይይዛሉ፤ እኛ ትውፊቱንም በመጽሐፉ እንለካለን። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፤ እነርሱ መጽሐፉን ይንቃሉ ማለት ግን ሐሰት ነው። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ከሰማይ መልአክ እንኳ ወርዶ ሌላ ወንጌል ቢሰብክ የተረገመ ይሁን ብሏል። መልአኩ መልአክ መሆኑን አልካደም፤ የሚያመጣው ቃል ግን ይለካል።

ዘይቱን ላይ ታየች የምትባለው ደግሞ አንዳች አልተናገረችም። ዝም ባለ ነገር ላይ ቱምቢ ማንጠልጠል ይቸግራል። የፈረንሳዩ ሉርድ ሌላ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 አንዲት የ14 ዓመት ልጅ፣ በርናዴት፣ በዋሻ ውስጥ 18 ጊዜ ተገለጠችልኝ አለች፤ ስሟንም ብትጠይቃት «እኔ ንጽሕት ፅንሰት ነኝ» አለችኝ ብላ ተናገረች። ሊቀ ጳጳሱ ፒዮስ ዘጠነኛ ማርያም ያለ ጥንተ አብሶ፣ ማለትም ያለ ውርስ ኃጢአት፣ ተፀነሰች የሚለውን ትምህርት በቀኖና ካወጁ ገና አራት ዓመቱ ነበር። በፖርቱጋሏ ፋጢማ እንደ ፈረንጆች በ1917 ለሦስት እረኞች ተነገረ የተባለውም ለንጹሕ ልቧ የሚሰጥ አምልኮታዊ ክብር በዓለም እንዲስፋፋ ነበር። እነዚህ ቃል ስላላቸው ይለካሉ። እኔ ስለካቸው በአንደኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 2 ካለው፣ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል መካከለኛው አንድ ነው ከሚለው ገመድ ይርቁብኛል። በወንጌል የተጻፈልን የማርያም የመጨረሻ ቃል በቃና ለአገልጋዮቹ የተናገረችው ነው፦ «የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ።» ጣቷ ወደ ልጇ ነው። ወደ ራሷ የምትጠቁም ማርያም ስትመጣብኝ ያቺኛዋን አላውቃትም እላለሁ። ካቶሊኮች ራሳቸው ቢሆኑ ምእመኑ በሉርድም በፋጢማም እንዲያምን አያስገድዱም፤ ባለፈው ዓመትም ቫቲካን እንዲህ ያሉ ነገሮችን «ከሰማይ ነው» ብሎ ማወጅ እንደ ደንብ እንዲቀር ወስኗል። ይህን አንቺም ጓደኛሽም ብታውቁት አይጎዳም።

አሁን ስለ አያትሽ። ይህን ታሪክ ግማሹን ነው የምታውቂው።

በ1971 ጌታን ከተቀበልኩ ጥቂት ወር ሆኖኝ ነበር፤ የምንጸልየው በየሰዉ ቤት ተደብቀን ነው። አንድ ሌሊት አብዮት ጠባቂዎች ለፍተሻ በሩን ደበደቡ። እጄ ላይ ያለችው አንዲት አዲስ ኪዳን ናት። አያትሽ ነጠቀችኝና ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የማርያም ሥዕል ኋላ ወሸቀቻት። ፍራሹን ገለበጡ፣ የጤፉን ጆንያ በሳንጃ ወጉ፤ ሥዕሉን ግን የነካው የለም። እንዲያውም አንደኛው ጓዶቹ ዞር ሲሉለት ቶሎ አማተበ። ከዚያ በኋላ አያትሽ ሁለት ወር አላነጋገረችኝም። «የማርያምን ጠላት መጽሐፍ በማርያም አስሸሸኸኝ» እያለች ታለቅስ ነበር።

እኔም ወጣት ነበርኩና ላሸንፋት ፈለግሁ። ፊደል አልቆጠረችም፤ አንድ ቀን ሉቃስ ምዕራፍ 1ን ተቀምጬ አነበብኩላት። ገብርኤል ወደ ማርያም ገብቶ ሰላም ሲላት አያትሽ ከአፌ ነጠቀችው፦ «በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል ሰላምታ ሰላም እልሻለሁ! ይኼማ የእኔ ጸሎት ነው፤ ከየት አመጣችሁት?» እኔ ወደምፈልገው ቁጥር ቸኮልኩ። «መንፈሴም በአምላኬ በመድኃኒቴ ሐሤት ታደርጋለች» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «አየሽ እማዬ፣ እርሷም መድኃኒት ያስፈልጋታል!» አልኳት። አያትሽ እንደ ሞኝ ተመለከተችኝ። «እንዴታ፣ ልጇ ነዋ» አለች። ያን ሁሉ ወር የተዘጋጀሁበት ክርክር በሦስት ቃል አለቀ።

ኦርቶዶክስ እንደሆነች አረፈች። በምልጃው ነገር አልተስማማንም፤ አንድም ቀን እሺ አላለችኝም፣ እኔም አላልኳትም። ብፅዕት መባሏን ግን ከእርሷ ተማርኩ። «ትውልድ ሁሉ ብፅዕት ይሉኛል» የሚለው በእኛም መጽሐፍ ተጽፏል፤ ነገር ግን በእኛ ጉባኤ ማርያም የምትነሣው በገና ሰሞን ነው፣ ያውም በችኮላ። የተሐድሶው መሪ ሉተር በዚያ ሁሉ ስደቱ መካከል፣ እንደ ፈረንጆች በ1521፣ የማርያምን መዝሙር እየተረጎመ መጽሐፍ ጽፎበታል። እኛ ከሉተር ይልቅ ለሉተር ተቆርቋሪ ሆነን ቁጭ አልን።

ከሁሉ በላይ የቆረቆረኝ ግን ይህ ነው። አሞጽ ምዕራፍ 7ን አውጪ። እግዚአብሔር ቱምቢ በእጁ ይዞ በቅጥር ላይ ቆሟል፤ ቱምቢውን የሚያደርገው ግን በሕዝቡ በእስራኤል መካከል ነው። ከጎረቤት አልጀመረም።

ከስምንት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ነቢይ መጥቷል» ብሎ ወደ አንድ አዳራሽ ወሰደኝ። ነቢዩ ጣቱን ቀስሮ «አውሮፕላን አያለሁ፣ ሻንጣ አያለሁ፣ ጌታ አሳይቶኛል» አለው። ባልደረባዬ የሚኖርባቸውን ሁለት ቆርቆሮ ክፍሎች ሸጦ «የእምነት ዘር» ብሎ ለነቢዩ ሰጠ። ቪዛም አልመጣ፣ ሻንጣም አልተገዛ፤ ዛሬ ሰው ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ያን ዕለት ከጎኑ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። «አሜን» ካሉትም አንዱ እኔ ነኝ። ዘዳግም ምዕራፍ 13 ምልክቱ እንኳ ቢፈጸም ነቢዩን በቃሉ ለኩት ሲል አውቅ ነበር፤ ቱምቢውን ግን ቤት ትቼው ሄጃለሁ። አንቺስ አምና አንዱ «ነጭ ጋዋን ለብሰሽ አየሁሽ» ብሎሽ ሦስት ሌሊት አልተኛሽም አይደል? ሒሳብ የምትወጂ ልጅ ሕክምና ልትሞዪ ነበር። የካይሮዎቹ ቢያንስ ጣራ ላይ ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ኪስ አልገቡም።

ጴጥሮስ በተራራው ላይ የጌታን ክብር በዓይኑ አይቷል፣ ከሰማይ የመጣውን ድምፅ በጆሮው ሰምቷል። በሁለተኛው መልእክቱ ያንን ከተናገረ በኋላ ግን አንባቢዎቹን የሚሰዳቸው ወደ ተራራው አይደለም፤ በጨለማ ስፍራ እንደሚበራ መብራት ወዳለው ወደ ትንቢት ቃል ነው። ራእይ ያየ ሰው እንዲህ ካለ፣ ያላየን እኔና አንቺ በራእይ መጣላታችን ለምን ይሆን?

የያዝሽውን የአማርኛ መጽሐፍ ደግሞ ስታነሺ ይህን አስቢ። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሱት አባ አብርሃም፣ በሌላ ስማቸው አቡ ሩሚ፣ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ናቸው። አሥር ዓመት ያህል የደከሙበትን የእጅ ጽሑፍ የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ፣ እንደ ፈረንጆች በ1840 ሙሉው ታትሞ ወጣ። ሥራውን የሠሩት ካይሮ ተቀምጠው ነው። የማርያምን ስም ሳይጠሩ የዋሉበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ለጓደኛሽ «ሰይጣን» ላልሽው ይቅርታ ጠይቂ። ስለ ምልጃ ከጠየቀችሽ የምናምነውን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያት፤ ሉቃስ ምዕራፍ 1ንም አብራችሁ አንብቡ፣ እርሷ በግዕዝ የምታውቀው ይኖራታል። ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ።

እናትሽ በሶና ቆሎ በነገው አውቶቡስ ትልክልሻለች፤ ለሁለት ሰው እንዲበቃ አድርጊ ብያታለሁ። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። እስከዚያ የልጅቱን ስም ጻፊልኝ። ሦስቴ ባነበብኩት ጽሑፍሽ ውስጥ አንድም ቦታ አላገኘሁትም።

የሚወድሽ አባትሽ