ልጅህ ግቢ ከመግባቷ በፊት

ይድረስ ለወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለመጥፋቱ ሁለታችንም ጠፍተናል፤ ወቀሳውን ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። ልጅህ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ሰምቼ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። እንኳን ደስ ያላችሁ!

ለ12ኛ ክፍል ፈተና ግቢ አድራ ከነበር ዶርሙን የምታውቀው ሊመስላት ይችላል። የጥቂት ቀን እንግድነትና የዓመት ኑሮ ለየቅል ናቸው።

የጥሪ ማስታወቂያው ያዘዘውን አታጓድሉ፦ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የ9–12 ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ። እኔ የምጨምረው ጠንካራ የሎከር ቁልፍ፣ ባልዲና ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ብርድ ልብሱ እንደ አገሩ ይሁን፤ ደብረ ብርሃን ከደረሳት ወፍራም፣ ጋምቤላ ከሆነ ግን ቀጭን አንሶላና አጎበር።

ዶርም ስትረከብ ፕሮክተሯ (የዶርሙ ተቆጣጣሪ) አልጋ፣ ፍራሽ፣ ሎከርና ቁልፍ ቆጥራ ታስፈርማታለች። ደክሟት ዝም ብላ እንዳትፈርም። የመስኮቱን መስታወት፣ ሶኬቱን፣ የሎከሩን በር ትይ፤ የተሰበረውን ፎርሙ ላይ ታስጽፍ። ያልተጻፈው ጉድለት ዓመቱ አልቆ ክሊራንስ (ከንብረት ነፃ መሆኗን የሚያሳየውን ወረቀት) ለማስፈረም ስትዞር ከእሷ ይጠየቃል።

አንሶላ ሳታነጥፍ ፍራሹን ትገላብጥ። ስፌቱ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን አለ ማለት ነው። ተደራራቢው አልጋ የብረት ቱቦ ስለሆነ ዋናው ጎሬ መጋጠሚያው ነው፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ከማስጣት ይልቅ እዚያ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ይበልጥ ያዋጣል። መድኃኒት ሲረጭ ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ይረጫል፤ ትኋኑ በግድግዳው ስንጥቅ ጎረቤት ይገባና በሳምንቱ ይመለሳል። ደግሞ መድኃኒቱ እንቁላሉን አይጨርሰውም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ካልተደገመ የተፈለፈለው እንደገና ይራባል። ስለዚህ የኮሪደሩ ልጆች አብረው ያመልክቱ፤ የአንዲት ልጅ አቤቱታ ሰሚ አያገኝም።

ውሃ ሲደክም ቀድሞ የሚደርቀው ላይኛው ፎቅ ነው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ደረቅ ቧንቧ ከፍቶ ሳይዘጉ መሄድ የየግቢው በሽታ ሆኗል፤ ሌሊት ኮሪደሩ ይጥለቀለቅና ወለል ላይ ያለ ሻንጣ ሁሉ ይበሰብሳል። ሻንጣዋ ሎከር ላይ ይቀመጥ። ሂተርና ስቶቭ ክልክል ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደብቆ የሚጠቀም አይጠፋም፤ ግን ሁለት ሦስት ክፍል አንድ ላይ ሲሰካ መስመሩ አይችልም፣ በፈተና ሳምንት ፎቁ ሁሉ ይጨልማል።

የካፌው ነገር ሳያነጋግራችሁ አይቀርም። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ 15 ብር ይመደብ የነበረበትን ዘመን ብታስታውስ ሽሮው ለምን ይቀጥን እንደነበር ይገባሃል። ቢሆንም ለመጀመሪያው ሴሚስተር ነን-ካፌ እንዳትሆን፣ ማለትም ካፌ መብላቱን ትታ የምግቡን ገንዘብ በእጇ እንዳትቀበል ምከራት። ገንዘቡ ይዘገያል፤ ፍሬሽ ተማሪ ደግሞ ውጭ የት በርካሽ እንደሚበላ አያውቅም። ሚል ካርዷን (የካፌ መመገቢያ ካርዷን) ከመታወቂያዋ ጋር አንድ ቦታ አታኑር፤ ሁለቱም አብረው ከጠፉ ማስተኪያው ቀናት ይፈጃል።

የወጪ መጋራት ውሉንም አንብባ ትፈርም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመራቂው ሥራ ይዞ እንዲከፍል ይል ነበር። ነን-ካፌ ሆና በእጇ የምትቀበለው ብርም እዳ ሆኖ ይቆጠራል፤ ብዙ ልጅ ስጦታ ይመስለዋል።

ድንገት ትምህርት ማቋረጥ ቢመጣ ሻንጣ ይዞ መውጣት ብቻውን አይበቃም። ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልታ፣ ክሊራንስ ጨርሳ ትውጣ፤ ያለዚያ ስትመለስ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ያስቸግራታል።

የትኛው ግቢ እንደደረሳት ጻፍልኝ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያንተው ወዳጅ