የታሪክና ጂኦግራፊ ክበብ ዘገባ፦ ዓመቱን ሙሉ አንዲት መንደር

ሌሎቹ ክበቦች ዛፍ ተከሉ፣ ድራማ ሠሩ። እኛ ስዊዘርላንድ ውስጥ ያለች አንዲት መንደር ላይ ተጥደን ከረምን። ኤልም ትባላለች። ግላሩስ በተባለው ካንቶን (እንደ ክልል ያለ አስተዳደር)፣ በአልፕስ ተራሮች መሃል፣ ሸለቆው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነች። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የራሷ ማዘጋጃ ቤት ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ደቡብ ግላሩስ ውስጥ ተጠቃላለች።

ነገሩ የተጀመረው አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ደብተር ሳይኖር ተማሪ በምን ላይ ነበር የሚጽፈው?" ሲለኝ ነው። አውሮፓ ውስጥ ዙሪያውን በእንጨት የተከፈፈ ስስ ጥቁር ድንጋይ ላይ ይጽፉ ነበር። ኤልም ደግሞ ይህን ድንጋይ ከተራራዋ ሥር እየፈለፈለች ትሸጥ ነበር። ችግሩ፣ የካባው ሠራተኞች በቂ ድጋፍ ሳይተዉ ወደ ውስጥ ገቡ። ተራራው ከላይ ተሰነጠቀ።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1881 እ.ኤ.አ.፣ እሑድ፣ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ናዳው ወረደ። አንዲት ልጅ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትቀይረው መስከረም 2 ቀን 1874 ሆኖ አገኘችው፤ የእንቁጣጣሽ ማግስት! ክፍሉ ጸጥ አለ። ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ሰዉ ሊያይም ሊረዳም ወጣ፣ ሁለተኛው መጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ዋናው፣ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ድንጋይ በአንድ ጊዜ። 115 ሰው ሞተ፤ 83 ቤትና ጎተራ ወደመ። ልጆቹ ሦስት ስብሰባ ሙሉ የተከራከሩት "መጀመሪያውኑ ለምን አልሸሹም?" በሚለው ላይ ነው። እኔም መልስ አልሰጠኋቸውም።

(የስፖርት ወዳዶቹ ጉዳይ ሌላ ነው፤ በበረዶ ሸርተቴ 3 የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው ቭሬኒ ሽናይደር የኤልም ልጅ ናት።)

ለወላጆች ቀን የሠራነው ማርቲንስሎኽን ነው። ከመንደሩ በላይ ተራራው ላይ ያለ ቀዳዳ ነው፤ አፈ ታሪኩ ቅዱስ ማርቲን በጎቹን ሊሰርቅ በመጣ ግዙፍ ላይ ምርኩዙን ሲወረውር ተበሳ ይላል። በዓመት ሁለቴ፣ በመጋቢት መጀመሪያና በመስከረም 20 አካባቢ፣ ፀሐይ በዚያ ቀዳዳ አልፋ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ታበራለች። ተራራውን ከካርቶን ቆረጥን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከክብሪት ቀፎ። ልንጀምር ስንል መብራት ጠፋ። ለአንዴም ቢሆን በጀን! አዳራሹ ድቅድቅ ሲል የስልኬን ባትሪ ከተራራው ጀርባ አበራሁ። የብርሃኑ ክብ ከማማው አራት ጣት ያህል ርቆ አረፈ። የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ዝም ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን ወደ ብርሃኑ ገፋው።