ደብዳቤ ለልጄ፦ ልትይዥው ስላሰብሽው ሙያ

የተወደድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰዎችን በሂፕኖሲስ፣ ማለትም በቃል እየመሩ ወደ ጥልቅ ተመስጦ በማስገባት፣ ከመወለዳቸው በፊት ኖረውታል ወደሚባለው «ቀድሞ ሕይወታቸው» የሚመልስ ባለሙያ ለመሆን ማሰብሽን ከነገርሽን ወዲህ ስለ ጉዳዩ ሳነብ ሰንብቻለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ነፍስ ከሥጋ ወደ ሥጋ ትዘዋወራለች ብላ እንደማታስተምር ታውቂያለሽ፤ ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ሙያው ነው።

አርአያዬ ያልሽው ዶክተር ብራያን ዋይስ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1966 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1970 ደግሞ ከዬል የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ በማያሚ በሚገኘው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ እስከ መሆን የደረሰ ሐኪም ነው። በ1980 ካትሪን ብሎ የሚጠራትን፣ ፍርሃትና ጭንቀት ያስቸገራትን ታካሚ ተቀብሎ ከአንድ ዓመት በላይ በተለመደው መንገድ ቢያክማትም ለውጥ ስላላየ ወደ ሂፕኖሲስ ዞረ። ሕመሟ ወደ ጀመረበት ጊዜ እንድትመለስ ሲነግራት ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1863 ነው አለችው። ከዚያ በኋላ ፍርሃቷ እንደለቀቃት በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል፤ ከዚያም ወዲህ በዚሁ ሥራ ቀጠለ።

እኔን ያቆመኝ ያ የዘመን ቁጥር ነው። ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት የኖረች ሴት ዘመኗን በእርሱ ልደት ልትቆጥር ከቶ አትችልም። ታካሚዋ ዋሽታለች አልልም፤ ሰው በሂፕኖሲስ ውስጥ ሲሆን ያነበበውን፣ የሰማውንና ጠያቂው የሚጠብቅበትን አዋሕዶ እንደ ትዝታ ሊያየው ይችላል። በካናዳ የካርልተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኒኮላስ ስፓኖስና ባልደረቦቹ በ1991 ባወጡት ጥናት፣ ተሳታፊዎች ስለ ቀድሞ ሕይወት የሚተርኩት አስቀድሞ በተነገራቸው ነገር እንደሚቀረጽ አሳይተዋል። በዚያ ዘመን አገሪቱን ማን ይገዛ እንደነበር፣ ጦርነት ይኑር አይኑር ሲጠየቁም አብዛኞቹ ተሳስተዋል።

ልጄ፣ የምሰጋው ስለ ታካሚዎችሽ ነው። ልጇን የቀበረች እናት ወንበርሽ ላይ ዐይኗን ጨፍና «አሁን የት ነሽ? ማንን ታያለሽ?» ብትያት፣ የምትመልስልሽን ነገር እስከ ዕለተ ሞቷ ይዛው ልትኖር ትችላለች። ሐዘኗ ወደ ከባድ ድባቴ ተለውጦ ቢሆንስ? ይህን ለይቶ የሚያውቅ በሕክምና ወይም በክሊኒካል ሳይኮሎጂ (የአእምሮ ሕመምን መርምሮ በሚያክመው የሥነ ልቦና ዘርፍ) በቂ ሥልጠና ያገኘ ሰው ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግን በአጭር ኮርስ በተገኘ የምስክር ወረቀት ብቻ ይህን ሥራ መሥራት ይቻላል። ዋይስ እንኳ ካትሪንን ሲቀበል ለዓመታት የሠራ ሐኪም ነበር።

ሂፕኖሲስን ከወደድሽው ሕመምንና ጭንቀትን ለማስታገስ በሆስፒታል ጭምር ይሠራበታልና በዚያ በኩል ግቢበት። ስለዚህ የኮርሱን ክፍያ ከመፈጸምሽ በፊት የክሊኒካል ሳይኮሎጂውን ማመልከቻ አስገቢ፤ ለትምህርቱ የሚጎድልሽን እኔና እናትሽ እንሞላለን። ማመልከቻው መቼ እንደሚዘጋ እሑድ ስትደውዪ ንገሪን።

አባትሽ