ከጅማ፤ ላቆማችሁኝ ሁሉ የምስጋና መልእክት

ውድ ዘመዶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ ያስተማርኳችሁ ልጆቼ! ከሁሉ በፊት ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን። ድኛለሁ። ቤቴ ገብቻለሁ። የደረሰብኝን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም። ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው።

የማን ውለታ እንደሚቀድም አውቃለሁ። ስሟን እንዳልጠራ አስምላኛለች፣ እኔም ቃሌን እጠብቃለሁ። ሲስተር ካልኩ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል። አዋላጅ ነርስ ናት። ከእኛ አጥር ወዲያ ነው የምትኖረው።

ቡና ላይ ነበርን። ካረጥኩ ዓመታት አልፈው እንደገና ደም መታየቱን እንደ ዋዛ አነሳሁት። ቀደም ሲል የታየሁበት ቦታ «የዕድሜ ነው» ብለው ክኒን ሰጥተው ሸኝተውኝ ስለነበር ነገሩ ያለቀ መስሎኛል። ሴቶቹ ደስ አላቸው። «ልጅነቷ ተመለሰላት!» ተብሎ እልል ተባለ። በፍቅር ነው ያሉት፣ ማንንም አልቀየምም። ሲስተር ግን ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰች። «እትዬ፣ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም ጠብታም ቢሆን ዝም አይባልም። መመርመር አለብዎት» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ይዛ በሬ ላይ ቆማ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለየችኝም። የሌሊት ተረኛነቷን ጨርሳ፣ ዓይኗ እንደቀላ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ዋርድ ትመጣለች። ልጄ ከሥራ እስክትደርስ አስታማሚዬ እሷ ነበረች። ለኦፕራሲዮን ልገባ ዋዜማ ላይ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ ፀጉሬን ሹሩባ ሠራችኝ፤ ቆቡ ስር እንዳያስቸግረኝ ብላ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ፀጉሬን በእጁ የነካ ሰው አልነበረም። ይህን ስጽፍ እንኳ እንባዬ ይመጣል።

ከሆዴ የወጣው ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለት በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ሲላክም ዕቃውን ተሸክማ የሄደችው እሷ ናት። ፕላስተሩ ላይ የተጻፈውን ስሜንና የካርድ ቁጥሬን ጮክ ብላ እያነበበች ከወረቀቱ ጋር ሳታመሳክር አላስረከበችም። ማን እንዲህ ያደርጋል?

ሐኪሞቼን ደግሞ እንዴት አድርጌ ላመስግን? የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የማህፀን ሐኪሞች፣ በተለይ ያ ወጣት ዶክተር። አልትራሳውንዱ የማህፀኔ ውስጠኛ ሽፋን 16 ሚሊ ሜትር መወፈሩን አሳየ። ያረጠች ሴት ደም ታይቷት ሽፋኑ ከ4 ሚሊ ሜትር ካለፈ ናሙና መውሰድ ግድ ነው አሉኝ። ተወሰደ። ሽፋኑ ከልክ በላይ አድጓል፣ ካንሰር ግን አይደለም የሚል ውጤት መጣ። እኛ እፎይ አልን። እሱ ግን እፎይ አላለም። «ይህን ሽፋን የሚያሳድገው ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ነው። እሳቸው አርጠዋል። የሆርሞን መድኃኒት አይወስዱም፣ ውፍረትም የለባቸውም። ታዲያ ይህ ሁሉ ኢስትሮጅን ከየት መጣ?» አለ፣ ከበላዩ ላለው ሐኪም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ሕይወቴን ያተረፈው ያ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። እንደገና አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ግራ ኦቫሪዬ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) ላይ ዕጢ ተገኘ።

ለካ ደሙ ከማህፀን ቢመጣም ምንጩ ሌላ ቦታ ነው። ዕጢው ራሱ ኢስትሮጅን ያመርታል። የወር አበባ በሚታይበት ዕድሜ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ሽፋኑን ይገታዋል። ካረጡ በኋላ ግን እሱ የለም። ኢስትሮጅን ብቻውን ሲገፋው ሽፋኑ ይወፍራል፣ ይደማል። ችላ ከተባለም ወደ ማህፀን ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ጡቴን ሲያመኝ የነበረውም ከዚሁ የተነሳ ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። ማህፀኔንና ሁለቱንም ኦቫሪዎቼን አወጡልኝ። ዕጢው ከኦቫሪው ሳያልፍ ተደርሶበታል። ተመስገን!

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ወደ ሲስተር ልመለስ ነው። የፓቶሎጂው ውጤት ሲመጣ «ግራኑሎሳ ሴል ቱመር» ይላል። ብዙ የማያጋጥም ነው፤ ከ100 የኦቫሪ ካንሰሮች ከ2 እስከ 5 ቢሆን ነው። ካንሰር የሚለውን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ሲስተር ሰፌድ ላይ ቡና ትለቅም ነበር። አንድ ጥሬ ፍሬ አንስታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። «መሃሉ ላይ ያለችውን ስንጥቅ ያዩዋታል? የዚህ ዕጢ ሴል አስኳል በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንዲህ ያለ ስንጥቅ አለው። ሐኪሞቹም የቡና ፍሬ ይመስላል ይላሉ። ከሌላው የሚለዩትም አንዱ በዚህ ነው» አለችኝ። ጅማ ተወልጄ ቡና ስለቅም ያደግሁ ሰው ነኝ። ያ የሚያስፈራ ስም በማውቀው ነገር ተገለጠልኝ። የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ ተኛሁ።

ልጄ ደግሞ የራሷ ጭንቀት ነበራት። «ዶክተር፣ እኔስ?» አለችው። አልቸኮለም፣ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ተመራማሪዎች በአዋቂ ሴቶች ላይ በሚወጣው በዚህ ዕጢ ውስጥ፣ ሁሉም ላይ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ ፎክስኤል 2 በሚባል ጂን ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ እንዳገኙ አስረዳት። ለውጡ ዕጢው ውስጥ የሚፈጠር እንጂ ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ አይደለም አላት። የምግብም፣ የእርግማንም፣ የሰው ዓይንም ነገር አይደለም። ልጄ እዚያው አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት። ዶክተር፣ ለዚያች ወንበር ስቦ መቀመጥ ብቻ እንኳ እግዜር ይስጥህ።

ሕክምናዬ አላለቀም። ይህ ዕጢ ከ10፣ አንዳንዴም ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሌ የዕድሜ ልክ ነው። ዕጢው መመለሱን ለመከታተል ለሚደረገው፣ ኢንሂቢን ለሚባለው የደም ምርመራ ገንዘብ ያዋጣችሁልኝ፣ ናሙናውን አዲስ አበባ ያደረሳችሁልኝ የእህቶቼ ልጆች፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ።

ሴቶች እህቶቼ፣ ይህን በአደባባይ የጻፍኩት ሳላፍር አይደለም። ሽማግሌም ወጣትም ያነበዋል። ግን ካረጣችሁ በኋላ ደም ካያችሁ፣ አንዴም ቢሆን፣ እባካችሁ ተመርመሩ። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ይሆናል። ቀላል መሆኑን የሚያውቀው ግን የመረመረው ሰው ነው።

ደም የሰጣችሁኝ፣ የሰመመን ባለሙያዎች፣ የዋርድ ነርሶች፣ ፅዳቶች፣ የላብራቶሪ ሰዎች፣ የእድራችን አባላት፣ በጸሎትም በዱዓም ያሰባችሁኝ ጎረቤቶቼ፣ ከሂርማታ ገበያ ብርቱካንና ማር ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከውጭ አገር የደወላችሁ ተማሪዎቼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ፣ አንተን እቤት ውስጥ አመሰግንሃለሁ።

ስማችሁን ሳልጠራ የቀረሁ ብዙ ናችሁ። በሕመም ላይ ሆኜ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ሁሉንም አላስተዋልኩም። ስለ ፈጣሪ ይቅር በሉኝ።

አንዲት ሴት ግን አለች። ከሰቃ የመጣች፣ አልጋዋ ከእኔ ጎን የነበረ። የራሷ ቁስል ሳይደርቅ ሌሊት ውሃ ስትሰጠኝ፣ ነርስ ስትጠራልኝ ነበር። እሷ አማርኛው ብዙም አይሆንላትም፣ የእኔም ኦሮምኛ ያን ያህል ነው፤ ግን ተግባብተናል። ጠዋት ሐኪሞች ዙር ላይ እያሉ አስወጧት፣ ስሟን ሳልጠይቃት ተለያየን። ይህን ከሚያነቡት ውስጥ የሚያውቃት ካለ እባካችሁ ንገሩልኝ፤ እፈልጋታለሁ። የቤቴን አድራሻ ዋርዱ ውስጥ ለነርሶቹ ትቻለሁ።