እማዬ፣ ስኒዎቹን ፍቺያቸው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ "እማማ መቼ ነው የምትመጣው?" እያሉ ይነተርኩኛል።

ደውዬ መንገር ስችል ለምን እንደጻፍኩ ልንገርሽ። ስልክ ላይ "እሺ ልጄ፣ እሺ" ትይኝና ዘግተሽ ያሰብሽውን ትሠሪያለሽ። ወረቀት ግን ደጋግመሽ ታነቢያለሽ። ፊደሉን ተለቅ አድርጌዋለሁ፤ መነጽርሽን አድርጊ።

እሑድ በቪዲዮ ስናወራ ከኋላሽ ረከቦቱን አየሁት። ባዶ ነው። ስኒዎቹ የት ሄዱ ስልሽ "አቧራ ገባባቸው፣ አነሳኋቸው" አልሽኝ። አስራ አንድ ዓመት ያልገባ አቧራ አሁን ገባ? ማታ ወንድሜ አወጣው። ከሕንፃው ቢሮ ወረቀት መጥቶልሻል፤ ውልሽ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፣ አይታደስም፣ ቁልፉን አስረክቢ ይላል። አንቺም ለማንም ሳትተነፍሺ ስኒውን በጋዜጣ እየጠቀለልሽ ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመርሽ።

እማዬ፣ አትወጪም። ውል አለቀ ማለት ቤትሽን ትለቂያለሽ ማለት አይደለም። አንቺ ባለሽበት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አይደለም።

አንቺ የለመድሽው የአዲስ አበባውን እንደሆነ አውቃለሁ። ጉለሌ ሳለን አከራያችን እትዬ "ልጄ ከዓረብ አገር ሊመጣ ነው" ሲሉ በሳምንቱ ፍራሹን ጋሪ ላይ አስረን ወጣን። ልጁም አልመጣ፤ ኪራይ የጨመረ ሌላ ሰው ገባ። (አሁን እዚያም በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ተደርጓል።) እኔ ያለሁበት ቴክሳስም ቢሆን ውል ሲያልቅ አከራዩ ምክንያት ሳይሰጥ አላድስም ማለት ይችላል። ቤተ ክርስቲያን የሚመክሩሽ ሴቶች ደግሞ ግማሾቹ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። የነገሩሽ የቨርጂኒያውን ነው። ወንዙን ከተሻገርሽ ሕጉ ሌላ ነው።

የዲሲ የኪራይ ቤቶች ሕግ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ውሉ ቢያልቅም፣ ኪራይሽን እስከከፈልሽ ድረስ ማስወጣት አይቻልም ይላል። ውልሽ በነበረው ሁኔታ ወር በወር ይቀጥላል። አዲስ ውል ፈርሚ ቢሉሽም አለመፈረም መብትሽ ነው። ማስወጣት የሚቻለው ሕጉ ራሱ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፦ ኪራይ አለመክፈል፣ ውል ጥሶ ሲነገሩ አለማስተካከል፣ የመሳሰሉት። ባለቤቱ ራሱ ሊኖርበት ከፈለገ የ90 ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ሊያፈርሰው ከሆነ 180 ቀን። ያንቺ ባለቤት ደግሞ ኩባንያ ነው። ኩባንያ አልጋ ዘርግቶ አይተኛም።

ሌላም አለ። የመልቀቂያ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም መጻፍ አለበት። ወንድሜ እንዳለኝ ያንቺው እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ምክንያት ቢኖራቸው እንኳ ፍርድ ቤት ከሰው፣ ዳኛ ወስኖ፣ ማርሻሎች (የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያስፈጽሙት) መጥተው ነው እንጂ የቢሮው ሰው ተነስቶ ቁልፍ መቀየር አይችልም። ስለዚህ የቢሮውን ወረቀት አትፍሪው፣ ግን አትጣይው። የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ ግን ያኔውኑ ደውይልኝ። የቀጠሮ ቀን ካለፈ ነገሩ ይበላሻል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሕጉ ሳይሆን ያንቺ ይሉኝታ ነው። "የቢሮዋ ልጅ ጨዋ ናት፣ ገና ለገና ላስቸግራት?" ትያለሽ። ቁልፉን በራስሽ እጅ ከሰጠሻቸው ማንም አላስወጣሽም፤ አንቺ ወጣሽ። ምናልባት ለመጓጓዣ ብለው ገንዘብ ያቀርቡልሻል። ሳላየው እንዳትፈርሚ። ፈገግ እያሉ የሚሰጡሽን ወረቀት ከሁሉ በላይ ተጠንቀቂው።

ኪራዩን እንደወትሮው በመጀመሪያው ቀን ክፈይ። በመኒ ኦርደር፣ ጉርዱንም አስቀሪ። እምቢ አንቀበልም ካሉ ብሩን እንዳትነኪው፤ ለብቻ አስቀምጪና ለእኔ ንገሪኝ።

ኦፊስ ኦፍ ዘ ተናንት አድቮኬት የሚባል የከተማው ቢሮ አለ፤ ለተከራዮች በነፃ ያማክራል። አማርኛ አስተርጓሚ ስጡኝ በይ፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በሕግ ይገደዳሉ። ጎረቤትሽን ይዘሽ ሄደሽ እሱ እንዲያስተረጉምልሽ አታድርጊ፤ ባለፈው የሐኪም ቤቱን ጉድ አይተናል። ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ የዲሲ ነዋሪዎች ደግሞ ሊጋል ካውንስል ፎር ዘ ኤልደርሊ የሚባል ነፃ የሕግ አገልግሎት አለ። ሁለቱም ጋ ማክሰኞ እደውላለሁ። አንቺም መስመር ላይ ትሆኛለሽ።

እግረ መንገዴን ደግሞ፣ 62 ዓመት ከሞላሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ! ሕንፃሽ አሮጌ ነው። ከ1976 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ የኪራይ ቁጥጥር ውስጥ ናቸው፤ ኪራያቸው በዓመት የሚጨምረው በሕግ የተገደበ ነው። እዚያ ውስጥ ያለ አዛውንት ፎርም ከሞላ የዓመቱ ጭማሪ ከ5 በመቶ፣ ከዋጋ ንረቱና ከሶሻል ሴኩሪቲ (ከጡረታ አበሉ) ጭማሪ ከትንሹ እንዳይበልጥ ይደረግለታል። ፎርሙን ሞልተሽ ታውቂያለሽ? እኔ እስካሁን አለመጠየቄ ያናድደኛል።

አሁን የመጣውን ወረቀት ፎቶ አንሺልኝ። ጀርባውንም። ባለፈው የሜዲኬርን፣ የጤና መድንሽን ወረቀት ስትልኪልኝ ጣትሽ ነበር ግማሹን የሸፈነው። ፖስታውንም አትጣይ፣ ቀን አለበት።

አርብ ማታ እመጣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቡና በስኒ ነው የምጠጣው፤ በፕላስቲክ ኩባያ ካቀረብሽልኝ እጣላሻለሁ።

ልጅሽ