አዲስ ዓምድ ሲጨመር የሚበላሸውን የፋይል አሠራራችሁን የሚመለከት ቅሬታ

ለቡና ርክክብ መረጃ ሲስተም አቅራቢያችን፣ ቴክኒክ ክፍል
ከጅማ

ጤና ይስጥልን።

እኛ ጅማ ዙሪያ ካሉ የገበሬ ማኅበራት ቡና ተረክበን አዲስ አበባ ላለ ላኪ እናስረክባለን። የርክክቡ መረጃ ለላኪውም፣ ለመጋዘኑም፣ ለባንኩም የሚደርሰው በእናንተ ሲስተም ነው። ፋይሉ ሳይነካ እስከቆየ ድረስ ሥራው ጥሩ ይሄድ ነበር። ጣጣው የመጣው አዲስ ነገር መጨመር ሲያስፈልግ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ ይጠይቃል። ኬክሮስና ኬንትሮስ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይዘው መቅረብ አለባቸው። ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠ ደግሞ አንድ ነጥብ አይበቃም፤ ዙሪያው በሙሉ ይፈለጋል። ይህን እንድትጨምሩልን ጠየቅን፣ እናንተም ጨመራችሁ። ግን ሁለቱን ዓምዶች ከክብደቱ በፊት ሰካችኋቸው። የላኪው ፕሮግራም ደግሞ ዓምድ የሚለየው በተራው ነው። ከጎማ ወረዳ የመጣ 3,400 ኪሎ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) 7.851240 ኪሎ ሆኖ ገባ። ኬክሮሱ መሆኑ ነው። ኬንትሮሱ ቀጥሎ ባለው የእርጥበት ቦታ ተቀምጦ ቡናው 36 ከመቶ እርጥበት አለው ተባለ። የደረቀ ቡና እርጥበት 12 ከመቶ አካባቢ እንደሆነ እዚህ ሚዛን ላይ የቆመ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የገበሬዎቹ ክፍያ በዚህ ምክንያት ተያዘ።

ከሁሉ የከፋብኝ ሲስተሙ ዝም ብሎ መቀበሉ ነው። አልገባኝም ብሎ ቢመልሰው ኖሮ በአንድ ስልክ እናስተካክለው ነበር።

ስንደውል «ሁሉም በአንድ ቀን ፕሮግራሙን ያድስ» አላችሁን። ይህ እንዴት ይሆናል? ባንኩ የራሱ ፕሮግራም፣ የራሱ አለቃ፣ የራሱ በጀት አለው። መጋዘኑም እንደዚያው። የተለያዩ ድርጅቶችን የሚያገናኝ ፎርማት አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ እንደሚሄድ ታስቦ ነው መሠራት ያለበት።

ቀጥሎ ያመጣችሁት መፍትሔ ባሰ። አሁን ሲስተሙ የማያውቀው ነገር ካየ ፋይሉን በሙሉ ይመልሳል። አንድ ማኅበር ሃኒ የሚባለውን፣ ቡናው ልጣጩ ተነስቶ ሳይታጠብ ከነሙጫው የሚደርቅበትን አዘገጃጀት ሞከረ። የእናንተ ዝርዝር «የታጠበ» እና «ያልታጠበ» ብቻ ስለሚያውቅ በዚያች አንድ መስመር የተነሳ የሌሎቹ ማኅበራት ርክክብም አብሮ ወደቀ።

ይህ ችግር መፍትሔ ያጣ አይደለም። ኤክስኤምኤል የሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ፎርማት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ እያንዳንዱ መረጃ ስሙን ይዞ ይሄዳል። ፕሮቶኮል በፈርስ በሚባለው የጉግል የመረጃ መለዋወጫ ፎርማት ደግሞ እያንዳንዱ መስክ (የመረጃ ቦታ) የራሱ ቁጥር አለው፤ አንዴ ሥራ ላይ የዋለ ቁጥር መስኩ ቢሰረዝም ለሌላ አይሰጥም። የቆየ ፕሮግራም የማያውቀው ቁጥር ሲመጣበት አልፎት የሚያውቀውን ያነባል። ለእኛ በጣም የሚጠቅመን ግን ፋየር የሚባለው የጤናው ዘርፍ የመረጃ መለዋወጫ ስታንዳርድ ያደረገው ነው። ተጨማሪ መረጃን ለሁለት ይከፍላል፦ ተቀባዩ ባይገባው ሊያልፈው የሚችለው፣ እና የመልእክቱን ትርጉም ስለሚቀይር ሳይረዳው ዝም ብሎ ሊያልፈው የማይፈቀድለት። የማሳውን መገኛ መጋዘኑ ቢያልፈው ምንም አይጎዳም። «ይህ ርክክብ ተሰርዟል» የሚለውን ካለፈው ግን ገንዘብ ይጠፋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ዓምዶቹ በስማቸው ይታወቁ። የነባር መስክ ትርጉም አይቀየር። አዲስ የሚጨመር ሁሉ መጀመሪያ ላይ ግዴታ አይሁን። ሲስተማችሁ የማያውቀውን መረጃ ሳይጥል ለቀጣዩ ተቀባይ ያስተላልፍ፤ የላክነው የማሳ መገኛ መሀል መንገድ ላይ ከቀረ ላኪው ለአውሮፓ ገዢው ምን ያሳያል? የተበላሸ መስመር ሲኖር መስመሩ ብቻ ከነምክንያቱ ይመለስ፣ ሌላው ይለፍ።

በጥቅምት እሸት ቡና መግባት ይጀምራል። ከዚያ በፊት የለውጡን ዕቅድ በጽሑፍ አሳውቁን፤ አዲሱንም ፎርማት ከላኪው፣ ከመጋዘኑና ከባንኩ ጋር አብረን እንድንሞክረው የሙከራ ፋይል ላኩልን። የተበላሹትን ርክክቦች ዝርዝር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር
የመረጃ ክፍል ኃላፊ